አንድ ስልክ ለአርባ ልጅ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በቅርቡ በትምህርት ዓምዳችሁ የወጣውን ጽሑፍ ደግሜ አነበብኩት። ጸሐፊው አንጋፋ መምህራን ከጠመኔና ከጥቁር ሰሌዳ አንላቀቅም ብለው ቴክኖሎጂን እንደሚሸሹ፣ ሽሽቱም ከስንፍና እንደሚመጣ አትተዋል። እኔ ከሚወቅሷቸው ሰዎች አንዷ ነኝ። አራተኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ፣ ጡረታዬ ሩቅ አይደለም፣ ጠመኔም እወዳለሁ። ስንፍና የለም ብዬ አልከራከርም፤ መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ የሚባለውን እኔም እሰማለሁ። ነገር ግን ጽሑፉ መሣሪያዎቹን አንድ በአንድ ሲዘረዝር፣ መምህሩ እነሱን የት፣ በየትኛው ሰዓትና ከማን ይማራቸው የሚለውን አንድ ቦታ እንኳ አላነሳም። የምጽፍላችሁ ስለዚያ ነው።

ሥልጠና ወስጃለሁ፤ የምስክር ወረቀቱም ቤቴ አለ። አዳራሹ ውስጥ ፊደል የሚያስቆጥሩ የአንደኛ ክፍል መምህራንና ፊዚክስ የሚያስተምሩ የሁለተኛ ደረጃ መምህራን አብረን ተቀመጥን። አሠልጣኙ ትጉህ ወጣት ነበር፤ በእሱ አልፈርድም። የመተግበሪያ ስሞችን ስክሪኑ ላይ እያፈራረቀ፣ እዚህ ትጫናላችሁ፣ ከዚያ ይህን ትመርጣላችሁ፣ ከዚያ አስቀምጥ ትላላችሁ አለን። የጠዋቱ ሰዓት አብዛኛው ኢሜይል በመክፈትና የተረሳ የይለፍ ቃል በማስመለስ አለቀ። ከሰዓት በኋላ ጥያቄ ያለው ካለ ሲባል እጄን አወጣሁ። ተማሪዎቼ አራት ከሦስት ስለሚበልጥ አንድ አራተኛም ከአንድ ሦስተኛ ይበልጣል ይላሉ፤ ለዚህ ከእነዚህ ሁሉ የትኛው ይረዳኛል? አልኩት። ሁሉም ይረዳሉ፣ እንደ አጠቃቀምዎ ነው አለኝ። አዳራሹ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ለሁሉም በሽታ ይሆናል የተባለ መድኃኒት ግን ገዝቼ አላውቅም።

የረዳችኝ በዕድሜ ልጄ የምትሆን የጎረቤት ክፍል መምህርት ናት። እሷ ኮምፒውተር ላይ ፈጣን ናት፤ ክፍል ማረጋጋት ግን ያኔ ገና ይከብዳት ነበር። ስለዚህ ተለዋወጥን። እኔ ክፍለ ጊዜ ሳይኖረኝ እሷ ክፍል ኋላ ተቀምጬ የልጆቹን ሁኔታ አይላታለሁ፤ እሷ ደግሞ ልጆቹ ከተሸኙ በኋላ ከእኔ ጋር ትቀመጣለች። ስልኬን ገና ከመንካቷ በፊት ያቀረበችልኝ ጥያቄ «እትዬ፣ ነገ ምንድን ነው የሚያስተምሩት?» የሚል ነበር። አዳራሽ ሙሉ ሰው ሰብስቦ ያሠለጠነን ክፍል ይህችን ጥያቄ አልጠየቀንም።

ያሳየችኝ ፕሊከርስ የሚባለውን ነው። ለልጆቹ ኮምፒውተርም ታብሌትም አያስፈልግም፤ የመምህሯ አንድ ስልክ ይበቃል። ለእያንዳንዱ ልጅ ጥቁርና ነጭ ቅርጽ የታተመበት አንድ ካርድ ይሰጠዋል። የተለመደው ስብስብ 40 ካርድ ነው፣ ሰፊው ደግሞ 63፤ ወረቀት ላይ ማተም ብቻ ነው። የእያንዳንዱ ልጅ ካርድ ቅርጽ ከሌላው ይለያል፤ በአራቱ ጠርዞች ላይ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ የሚሉ ፊደላት በደቃቁ ተጽፈዋል። መልሱ ቢ ነው ያለ ልጅ ቢ ያለበትን ጠርዝ ወደ ላይ አድርጎ ካርዱን ደረቱ ላይ ይይዛል። እኔ የስልኬን ካሜራ ከግራ ወደ ቀኝ አዞራለሁ፤ ካሜራው ካርዶቹን ያነባል፣ ስልኬ ላይ የየልጁ ተራ ቁጥር ይወጣል፣ ያገኘው አረንጓዴ፣ የሳተው ቀይ ይሆናል። ይህን የማየው እኔ ብቻ ነኝ። ጥያቄውን በምወደው ጠመኔ ሰሌዳ ላይ ብጽፈውም መሣሪያው ቅር አይለውም።

መጀመሪያ ያቀረብኩላቸው ያንኑ የክፍልፋይ ጥያቄ ነው፤ 1/3 ይበልጣል፣ 1/4 ይበልጣል፣ እኩል ናቸው፣ አላውቅም። አራተኛውን ምርጫ አላውቅም ማድረግ የባልደረባዬ ምክር ነው፤ ልጅ ገምቶ ከሚያታልለኝ አለማወቁን ቢነግረኝ ይሻለኛል። ካሜራውን ከማንሳቴ በፊት አንዷን ተማሪ ልብ ብዬ አየኋት። ካርዷን አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ጎን እያዞረች ጎረቤቷን በዓይኗ ሰረቅ አደረገች። የጎረቤቷ ካርድ ቅርጹ ሌላ፣ ፊደሉም ደቃቅ ስለሆነ ምንም አልነገራትም። እንደ መናደድ ብላ ወደ ሰሌዳው ዞረችና ጥያቄውን እንደገና ማንበብ ጀመረች። በማስተማር ዘመኔ ሁሉ ኩረጃን በቁጣ ስከላከል ኖሬያለሁ፤ ወረቀት እንዲህ በጸጥታ ሲከላከለው አላየሁም ነበር።

ስልኬ ግን ቀይ በቀይ ሆነ። ያስገረመኝ የቀዮቹ ብዛት አልነበረም፤ ያንንስ ጠብቄው ነበር። ከቀዮቹ መካከል ሁልጊዜ እጃቸውን የሚያወጡት፣ የቤት ሥራቸው ንጹሕና ሙሉ የሆነው፣ መልስ ስፈልግ የማስነሣቸው ልጆች ነበሩ። አንድ ክፍል ትምህርቱ ገብቶታል አልገባውም የሚባለው በእነዚህ በአምስት በስድስት ልጆች መልስ ነው። እነሱም የመለሱት የሸመደዱትን እንጂ የገባቸውን አልነበረም።

የማስተማሩ ሥራ የተሠራው ግን በወረቀት ነው፤ ስልኩ እዚህ ላይ ቦርሳዬ ገብቷል። ለእያንዳንዱ ልጅ 12 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ሁለት ረዣዥም ቁራጭ ወረቀቶች ሰጠሁ። አንዱን ለአራት ማጠፍ ቀላል ነው፤ ለሁለት አጥፎ እንደገና ለሁለት ማጠፍ ነው። ለሦስት ማጠፍ ግን ልጆቹን ያስለቅሳል። አንዱ ጫፍ ይተርፋል፣ ሌላው ያጥራል፣ ወረቀቱ ይጨማደዳል። ማስመሪያ አምጡና በየአራት ሴንቲ ሜትሩ ምልክት አድርጉ እስክል ድረስ እንዲታገሉ ተውኳቸው። ከዚያ የአንዱ ቁራጭ 4፣ የሌላው 3 ሴንቲ ሜትር መሆኑን ራሳቸው ለኩ። አንድ ሦስተኛ ከአንድ አራተኛ እንደሚበልጥ ከዚያ በኋላ መናገር አላስፈለገኝም።

በሚቀጥለው ቀን 2/3 እና 3/4ን አቀረብኩላቸው፤ ስልኬ እንደገና ቀላ። በዚህኛው ግን ቀይ የሆኑት ትናንት የገባቸው ልጆች ነበሩ! ታችኛው ቁጥር ሲጨምር ክፍልፋዩ ያንሳል የሚለውን ይዘው ላይኛውን ቁጥር ረሱት። በቁራጭ ወረቀቱ ሲለኩት አንዱ 8፣ ሌላው 9 ሴንቲ ሜትር ሆነ፤ ልዩነቱ አንዲት ሴንቲ ሜትር ናት። ያለ ካርዶቹ ይህን ስሕተት የማውቀው የተርም ፈተና ሳርም ነበር፤ ያኔ ደግሞ ምዕራፉ ታልፏል።

ከወረቀቱ በኋላ ነው ስክሪን ያመጣሁት። ፌት የሚባለውን የማሳያ ስብስብ እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካው የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የጀመረው ካርል ዊማን ነው፤ ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ሰው። በነፃ ይገኛል፤ ማሳያዎቹንም አስቀድሞ ኮምፒውተር ላይ አውርዶ ያለ ኢንተርኔት መጠቀም ስለሚቻል መስመር ተቋረጠ ብሎ መቆም የለም። የክፍልፋዩ ማሳያ ክብን፣ አራት ማዕዘንንና የቁጥር መስመርን እየከፋፈለ ያሳያል፤ 2/3 እና 3/4 በቁጥር መስመሩ ላይ ምን ያህል እንደሚቀራረቡ ሰሌዳ ላይ በእጄ ልስለው ብል እንዲህ አይጠራልኝም። በቅደም ተከተሉ ላይ ግን ጽኑ አቋም አለኝ፤ ወረቀቱ ይቀድማል። ስክሪኑ በአንድ ጠቅታ ክቡን ለሦስት እኩል ይከፍለዋል፤ እኩል መክፈል አስቸጋሪ ነገር እንደሆነ ልጁ አያይም። ያ የተረፈው የወረቀት ጫፍ ነው የእኩልን ነገር ያስተማራቸው።

የጥያቄ ውድድሮቹንም ሞክሬያለሁ። እ.ኤ.አ. በ2013 ከኖርዌይ የወጣውን ካሁትን ልጆቹ ይሞቱለታል። ሙዚቃ አለው፣ ወደ ኋላ የሚቆጥር ሰዓት አለው፣ ቶሎ ለመለሰ ብዙ ነጥብ ይሰጣል፣ በመጨረሻም ሦስቱን አሸናፊዎች መድረክ ላይ ያወጣል። ክፍሉ በጩኸት ይናወጣል፤ ርዕሰ መምህር በመስኮት ቢያይ ትምህርቱ ደመቀ ይላል። እኔ ዓይኔ ያረፈው ጣቷን በቃላቱ አቅጣጫ አየር ላይ እያስኬደች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች በምታነብ አንዲት ልጅ ላይ ነበር። ጥያቄውን አንብባ ሳትጨርስ ሰዓቱ ያልቅባታል። ያንኑ ሒሳብ ደብተሯ ላይ ስትሠራው አይቻለሁ። ጥቂት ጥያቄዎች ካለፉ በኋላ ማንበቧን ተወችና በመጣው ጥያቄ ሁሉ ከምርጫዎቹ አንዱን የሚያመለክተውን ቀዩን ሦስት ማዕዘን ትጫን ጀመር። አንዳንዴም ይሳካላታል፤ ያኔ እንደ ሌሎቹ ትጨፍራለች።

መሣሪያው ለዚህ መላ አለው፤ ግን ሥልጠና ላይ አይነገርም። ሰዓቱን ማርዘም ይቻላል፣ ነጥቡን ማጥፋት ይቻላል፣ ልጆቹን በቡድን ማጫወት ይቻላል። እኔ ወደ ጥያቄው ከመሻገሬ በፊት ከወረቀቴ ጮክ ብዬ አነበዋለሁ፤ ልጆቹ ካሰቡ በኋላ ነው የምጫነው። ጩኸቱ ይቀንሳል፤ ይቀንስ። ልጅን እየጠየቁ እንዲያስታውስ ማድረግ ጥቅም እንዳለው አውቃለሁ። ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት፣ አንድን ጽሑፍ ደጋግመው ካነበቡት ይልቅ አንብበው ያስታወሱትን እንዲጽፉ የተጠየቁት ከሳምንት በኋላ የበለጠ አስታውሰው ተገኝተዋል። የተፈተኑት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው፤ የእኔዎቹ ገና የወተት ጥርሳቸውን አልጨረሱም። ቢሆንም ክፍሌ ውስጥ የማየው ከዚህ ጋር ይስማማል። ጥቅሙ የሚመጣው ግን ልጁ ለማስታወስ ሲታገል ነውና ትግሉን ሰዓት ከቆረጠበት ቀለም መምረጥ ብቻ ይቀራል።

ጥያቄ ማዘጋጀትም ራሱን የቻለ ሥራ ነው። የተሳሳቱት ምርጫዎች ከልጆቹ ስሕተት ካልተወለዱ መሣሪያው ምንም አይነግረኝም። 2/7 ሲደመር 3/7 ብዬ 5/14ን ከምርጫዎቹ አንዱ አደርጋለሁ፤ ያንን የመረጠ ልጅ ላዩንም ታቹንም ደምሯል። 6/7ን የመረጠ መደመሩን ትቶ አባዝቷል። እነዚህን ሁለት ልጆች የማስተምራቸው በተለያየ መንገድ ነው። እንዲህ የታሰበባቸው ጥያቄዎች ለመጻፍ አመሻሹ ያልቃል፤ ኢንተርኔቱም ከኪሴ ነው። ሰነፍ የተባልነው እኛ ነን።

በአማርኛ የምናስተምር ሰዎች ደግሞ የራሳችን ጣጣ አለን። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር ፊደላት ሥርዓት ውስጥ ከገባ ቆይቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ስለዚህ ፊደላችን የለም የሚል ሰበብ የለንም። ችግሩ ትየባው ላይ ነው። በኮምፒውተር ላይ የለመድነው አጻጻፍ ድምፅን የሚከተል ነው፤ «ሉ» ለማለት የላቲኑን ኤልና ዩ ማከታተል ያስፈልጋል። የሁለተኛ ክፍል ልጅ በገዛ ቋንቋው አንድ ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ መጀመሪያ የሌላ ቋንቋ ፊደል አሳምሮ መለየት አለበት ማለት ነው። ስልክና ታብሌት ላይ ፊደሉን በቀጥታ የሚደረድሩ ገበታዎች ስላሉ እነሱ ይሻላሉ። ለትንንሾቹ ግን ከሁሉም የሚቀለው ድምፅ መቅዳት ነው። ሲሳው የሚባለው መተግበሪያ ላይ ልጁ የክፍሉን ኪውአር ኮድ በካሜራ አንብቦ ያለ ይለፍ ቃል ይገባል፤ የሳለውን ወይም የሠራውን ፎቶ አንሥቶ በድምፁ ያብራራበታል። ባልደረባዬ ይህን ካስጀመረች ወዲህ የክፍለ ጊዜዋን ግማሽ የይለፍ ቃል አይበላባትም።

የልጆቹን የግል መረጃ በተመለከተ አጭር ነገር ልበል፤ ሥልጠናው ላይ ጭራሽ አልተነሳም። ብዙ መተግበሪያዎች ከ13 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ራሱ እንዲመዘገብ የማይፈቅዱት፣ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1998 ያወጣችው ሕግ ከእነዚህ ሕፃናት መረጃ ለመሰብሰብ የወላጅ ፈቃድ ስለሚጠይቅ ነው። አንዳንድ መምህራን ግን የክፍሉን ስም ዝርዝር ከነአባት ስም ገልብጠው ሲያስገቡ አያለሁ። እኔ ተራ ቁጥር ብቻ አስገባለሁ። 17 ቁጥር ማን እንደሆነ እኔ ካወቅሁ ይበቃል።

ጸሐፊው ለእያንዳንዱ ልጅ ኮምፒውተር ቢታደል ጉዳዩ ያልቃል ብለዋል፤ ይህ ተሞክሯል። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ በሚል እ.ኤ.አ. በ2005 የተጀመረውን እንቅስቃሴ ተከትላ ፔሩ በመቶ ሺሕዎች የሚቆጠሩ ላፕቶፖች አድላለች። የኢንተር አሜሪካ ልማት ባንክ ተመራማሪዎች በ319 የገጠር ትምህርት ቤቶች ያደረጉት፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ጥናት በሒሳብና በቋንቋ ውጤት ላይ ለውጥ ማግኘት አልቻለም። በአንዳንድ የማሰብ ችሎታ መለኪያዎች መሻሻል መታየቱን መደበቅ አልፈልግም፤ የማስተምረው ግን ሒሳብ ነው። ቶማስ ኤዲሰንም እ.ኤ.አ. በ1913 መጻሕፍት በቅርቡ ከትምህርት ቤት ይወጣሉ፣ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ይተካቸዋል ብሎ ነበር። ፊልም ዛሬም አለ፣ መጽሐፉም አለ፤ ፊልሙን መቼ ማቆምና ምን ብሎ መጠየቅ እንዳለበት የሚያውቅ መምህር ነው ያኔም ዛሬም የሚፈለገው።

ልጆቹ ከመምህራኑ በላይ ያውቃሉ የሚለውን የጸሐፊውን ቃል እንኳ ባልመልስ ይሻል ነበር። ቪዲዮ መክፈት ያውቃሉ፣ ከእኔም ይፈጥናሉ። ቪዲዮው የሚናገረው ትክክል ይሁን አይሁን እንዲለዩ የሚያደርጋቸው ሰው ግን ያስፈልጋቸዋል፤ ለዚያ ነው ደመወዝ የሚከፈለኝ።

እንግዲህ ሥልጠና ለሚያዘጋጁት የምለው ይህ ነው። የአንደኛ ክፍልና የሁለተኛ ደረጃ መምህራንን አንድ አዳራሽ አትሰብስቡን። የክፍላችንን መማሪያ መጽሐፍ ይዘን እንምጣ፤ ልጆቹ የሚሳሳቱበትን አንድ ገጽ ገልጠን በእሱ ላይ እንሥራ። በአንድ ተርም አንድ መሣሪያ ይበቃል። ሁለት ሁለት ሆነን የምንቀመጥበት አንድ ክፍለ ጊዜ በሳምንቱ መርሐ ግብር ውስጥ ይግባልን፤ ባልደረባዬና እኔ የምንሠራው ሁሉም ሰው ወደ ቤቱ ከሄደ በኋላ ነው፣ እሷም ቤት የሚጠብቃት ሕፃን አላት። ሞክረነው ለልጆቹ አልጠቀመም ያልነውን መሣሪያ ደግሞ የመተው መብት ይኑረን፤ መተዋችን ሪፖርት ላይ እንደ ጥፋት አይቆጠር።

ለእናንተ ለዝግጅት ክፍሉም አንድ ጥያቄ አለኝ። የትምህርት ዓምዳችሁ ላይ ትንሽ ቦታ ለመምህራን ልትሰጡን ትችላላችሁ? አንድ መምህር አንድ ትምህርት ይጻፍበት፤ ምን ሊያስተምር እንደነበር፣ የትኛውን መሣሪያ እንደተጠቀመ፣ ልጆቹ የት ላይ እንደተደናቀፉ። የአዳዲስ መተግበሪያ ማስታወቂያ ሞልቷል፤ የጎደለን ይሄኛው ነው። ፈቃዳችሁ ከሆነ የመጀመሪያውን እኔ እልካለሁ፤ ስለ 2/3 እና 3/4 ይሆናል፣ የጥያቄዎቹን ዝርዝርም አያይዘዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የአራተኛ ክፍል ሒሳብ መምህርት